የመታሰቢያ ችግኞች ቈጠራ

የሐምሌ ልደታ ዕለት ቅዳሴ ወጥቶ ከቅጥሩ በር እንደ ራቅሁ ዝናሙ በድንገት ወረደ። ጃንጥላዬን ለአንዲት ነፍሰ ጡር ሰጥቻት ነበርና ከመንገዱ ማዶ ካለ የልብስ ሰፊ ደጃፍ ተጠጋሁ። እዚያም ሁለት ሰዎች ከእኔ ቀድመው ተጠልለው ከዝናሙ ድምፅ በላይ ይከራከሩ ነበር።

አንደኛው አቶ አምሳሉ ናቸው። በልደታ ፍርድ ቤት በሬጅስትራርነት አርጅተው ጡረታ የወጡ፣ ዛሬ ደግሞ በጌጃ ሰፈር የአንድ እድር ዳኛ የሆኑ ሰው ናቸው። ሁለተኛዋ ኑኃሚን ትባላለች። በልጅነቷ ከእኔ ዘንድ ፊደል ቈጥራ፣ ዳዊት ደግማ፣ በኋላም በዩኒቨርሲቲ ስለ አየር ንብረት ተምራ፣ ሀገራችን ምድሯን ለመጠበቅ የገባችው ቃል ምን ያህል እንደ ተፈጸመ በሚከታተል መሥሪያ ቤት ተቀጥራለች።

አቶ አምሳሉ ባዩኝ ጊዜ ፊታቸው በራ። «እንኳን መጡ የኔታ። ዳኛ ስንፈልግ እግዚአብሔር በዝናም ነድቶ አመጣልን። ይህች ደቀ መዝሙርዎ ሙታናችንን ልቍጠር ትለኛለች» አሉኝ።

«ችግኞቹን ነው ያልሁት ጋሼ» አለች ኑኃሚን።

«ለእኛ ያው ነው ልጄ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ እድር ከአባል ቤት ሰው ሲሞት፣ በሚቀጥለው ክረምት በሟቹ ስም ከሰፈሩ በታች ባለው የወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ አንድ ችግኝ ይተከላል። ቄስ ጸሎት ያደርሳል፤ ቤተ ዘመድ አፈር ያለብሳል፤ ንፍሮ ይቀመሳል። ልማዱን ያመጡት አቶ አምሳሉ ናቸው፤ የመጀመሪያዋም ወይራ የተተከለችው በሟች ባለቤታቸው በወይዘሮ ዕፀገነት ስም ነው። ችግኝ የደረቀ እንደሆነ በዚያው ጉድጓድ ሌላ ይተከላል፤ በየክረምቱ የተተከለውም ሁሉ በቀድሞው ላይ እየተደመረ ለወረዳው ይነገራል። ሲደመር ሲደመር፣ የዛፉ ቍጥር ተዳፋቱ ሊሸከም ከሚችለው በላይ ሆነ። ኑኃሚን የመጣችው ይህ ቢያስገርማት ነው። በሕይወት ያሉትን በዐይኔ አይቼ ልቍጠር ብላ ለምና፣ እሳቸው ከልክለዋታል።

አቶ አምሳሉ መከላከያቸውን እንደ ፍርድ ቤት ሰው በቅደም ተከተል አቀረቡ። በጎ ሥራ አይቈጠርም አሉ፤ ቀኝ እጅ የሰጠችውን ግራ እጅ እንዳታውቅ ታዘናልና። ዳዊትም ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ በምድሩ ላይ ቸነፈር ወረደ። «ይህን ደግሞ ያስተማሩኝ የኔታ ራሳቸው ናቸው» ሲሉ ጨመሩ።

እውነታቸውን ነው፤ አስተምሬያለሁ። ኑኃሚን ግን እሷም ያስተማርኋትን አነሣች። ሙሴ ሕዝቡን እንዲቈጥር ያዘዘው እግዚአብሔር ነው፤ ከኦሪት መጻሕፍትም አንዱ ዘኍልቍ ተብሎ በቍጥር ይጠራል አለች። ይህን ብላ ስታበቃ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ግራ ገባኝ። ዕድሜዬን በሙሉ በባሕረ ሐሳብ ጾምና በዓል ስቈጥር ኖሬ፣ ቍጥር መቼ በረከት፣ መቼ መቅሠፍት እንደሚሆን ግን የጠየቀኝ አልነበረም። ሁለቱም በመጽሐፍ ተናግረዋል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ቍጠር ይላል፣ አንዱ አትቍጠር ይላል። ስለዚህ ዳኛ ከመፍረዱ በፊት ቦታውን ያያልና እንሂድ አልሁ። ይህ የፍርድ ቤት ሥርዓት ስለሆነ አቶ አምሳሉ እንቢ ሊሉ አልቻሉም።

ዝናሙ ሲያባራ ጭቃውን እየመረጥን ወረድን። በመንገድ ላይ ኑኃሚን ሥራዋን አስረዳችን። ሀገራችን የተራቈተውን ምድር አልብሳለሁ፣ ጢሴንም እቀንሳለሁ ብላ በዓለም ፊት ቃል ገብታለች። የቃሉ መፈጸም የሚታወቀው ከታች በሚወጣው ወሬ ነው። እድሩ ለወረዳው፣ ወረዳው ለክፍለ ከተማው፣ ክፍለ ከተማው ለበላዩ እየነገረ እስከ ላይ ይደርሳል። እንግዲያስ መካከል ላይ የሚዋሸው ማን ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«የሚዋሽ የለም የኔታ። ሁሉም የተከለውን በእውነት ይናገራል። የበቀለውን የሚጠይቀው ግን የለም» አለችኝ።

ይህ መልስ ከቀድሞው ይልቅ አደናገረኝ። ሐሰተኛ ሳይኖር ሐሰት ይኖራል ማለት ነውና፣ በየትኛውም ትርጓሜ ቤት ያልገጠመኝ ነገር ነው።

ተዳፋቱ ዘንድ ስንደርስ ዐይን የሚሞላ ልምላሜ አየን። አቶ አምሳሉ ከዘራቸውን ዘርግተው «ይኸውልዎ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያሻል?» አሉ። እኔም በልቤ ፈረድሁላቸው። ኑኃሚን ጐንበስ ብላ ልምላሜውን በሁለት እጇ ገለጠችው። ሣር ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ራቍቱን የቀረ ቀይ አፈር። ፈንጠር ፈንጠር ብለው ከቆሙት ጥቂት ችግኞች በስተቀር ዛፍ አልነበረም።

በዚህ መካከል ከተዳፋቱ ግርጌ ካለችው ቤት ወይዘሮ ወይንሀረግ አካፋ ይዘው ብቅ አሉ። የእድሩ አባል የሆኑ መበለት ናቸው። በደጃቸው ላይ በአሸዋ የተሞሉ ጆንያዎች ተደርድረዋል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። አቶ አምሳሉ፣ በተከላ ቀን ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰውዬ ዛሬ ምነው ቀረ?» አሉ።

አቶ አምሳሉ ነገሩን እንዳልሰሙ ሆነው ጎርፍ ገብቶ እንደሆነ ጠየቋቸው። ሴትዮዋም አካፋውን ተደግፈው አጫወቱን። ከላይ የሚንሸራተተው አፈር የጓዳቸውን ግድግዳ ገፍቶ ሰንጥቆታል። ድጋፍ ግንብ ይሠራልኝ ብለው ወረዳ ቢያመለክቱ በአክብሮት አስተናገዷቸው፤ የእርስዎ ተዳፋት በደን የተሸፈነ ነውና ግንቡ ለተራቈተው ሰፈር ይቀድማል ብለውም አሰናበቷቸው።

«ደን አሉኝ። እኔ ደግሞ ከዚያ ደን የወረደውን አፈር ስዝቅ ነው የከረምሁት» አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የባለቤቴ የገብረጊዮርጊስ ጽድም ደርቃለች። በዕፀገነት ስም የጀመሩትን ነገር አፈርሳለሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩዎት» አሉ።

አቶ አምሳሉ ወደ ኑኃሚን ዞሩ። «ልጄ፣ መድረቁን ሳልጠረጥር ቀርቼ አይምሰልሽ። ደርቋል ብለሽ የጻፍሽ እንደሆነ ለየቤቱ ሁለተኛ መርዶ የሚያረዳው ማን ነው? እኔ ነኝ። በእኔስ ቤት ማን ያረዳኛል?»

ኑኃሚን በትሕትና ጠየቀቻቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ፍርድ ቤት ሳሉ ቤት የተፈረደላት መበለት ቍልፉን ሳትረከብ ተመልሳ ብትመጣ ምን ይሏት ነበር?»

«አፈጻጸም ክፈቺ እላታለሁ።»

«ተፈርዶልሻል፣ መዝገቡም ተዘግቷል ብለው አይመልሷትም?»

«እንዲህ የሚል ሬጅስትራር እንጀራውን በግፍ በላ።»

«እንግዲህ መትከል ፍርድ ነው፤ ማጽደቅ ደግሞ አፈጻጸም ነው። እኛ መዝገቡን የዘጋነው በፍርዱ ዕለት ነው። ወይዘሮ ወይንሀረግም ቍልፉን አልተረከቡም።»

እሳቸው ወደ እኔ ተመለከቱ፤ የዳዊት ነገር ገና ከልባቸው አልወጣም ነበር። የእኔም መልስ እዚያው ጭቃ ላይ ቆሜ ሳለሁ መጣልኝ። «ዳዊት ያስቈጠረው በብዛታቸው ሊመካ ነው። መቶ በጎች የነበሩት እረኛም ቈጥሯል፤ እሱ ግን የቈጠረው የጠፋችውን ሊፈልግ ነው። ባይቈጥር ኖሮ ዘጠና ዘጠኙን መቶ ናቸው ብሎ በሰላም በተኛ ነበር። እስከ ዛሬ እንደ ዳዊት ቈጥራችኋል፤ ይህች ልጅ እንደ እረኛው ልቍጠር ትላለች» አልሁ።

«ይህን ልብስ ሰፊው ደጅ ሳለን ነግረውኝ ቢሆን ጫማዬ በተረፈ» አሉ አቶ አምሳሉ፤ ነገር ግን አልሳቁም። ከዘራቸውን እየተከሉ ወደ ላይ ወጡ። በድንጋይ የተከበበች አንዲት ጉድጓድ ዘንድ ቆሙ። ድንጋዮቹን የደረደሩት በእጃቸው ነው። በመካከላቸው ሐረግ የተጠመጠመባት አንዲት ጭራሮ ቆማለች። ጐንበስ ብለው ሐረጉን ፈቱት፤ ጭራሮዋም በእጃቸው ቀረች።

«ከዚህ ጀምሪ። የዕፀገነት ወይራ፤ ደርቃለች በዪ» አሉ።

ኑኃሚን ደብተሯን አወጣች። እስክትጽፍ ድረስ ቆመው ጠበቋት።

በሚቀጥለው እሑድ አቶ አምሳሉ በእድሩ ጉባኤ ላይ ራሳቸው መርዶውን አረዱ። ያለቀሰ ነበር፤ የተቈጣ ነበር፤ ቍጥራችን ከሌላው እድር አንሶ እናፍራለን ያለም ነበር። እሳቸው ግን በመጀመሪያ የባለቤታቸውን ወይራ ስለጠሩ የሚከራከራቸው አልተገኘም።

ከዚህ በኋላ የተገኘውን ጥቅም አንባቢ ልብ ይበልልኝ። የትኛው ችግኝ በፍየል፣ የትኛው በጥም እንደ ሞተ ታወቀ፤ ስለዚህ አጥር ታጠረ፣ እርከንም ተሠራ። ያን ክረምት የተተከለው ከቀድሞው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ችግኝ በበጋ ውኃ እንዲያጠጣ ተራ ገባ። ወረዳው እውነተኛውን ሁኔታ ሲያውቅ ተዳፋቱን ከደን መዝገብ አውጥቶ ለአደጋ ከተጋለጡት ጋራ አስገባው፤ ከወይዘሮ ወይንሀረግ ጓዳ በስተኋላም የድጋፉ ግንብ መሠረት ተጣለ። በሽታውን የደበቀ ሰው መድኃኒቱ ለጎረቤት እንዲሰጥ በራሱ ላይ ፈረደ፤ ሀገርም እንደዚሁ ናት። ቃሏን መጠበቋን የምታውቀው እኛ ከታች በምንነግራት ነውና፣ የምንነግራት የደረቀውንም ይጨምር።

እኔ ግን ሐሰተኛ የሌለበት ሐሰት እንዴት እንደሚወለድ አሁንም አልገባኝም፤ ለተማሪዎቼ ስፈታላቸው ምላሴ ይያዛል። አቶ አምሳሉን ብጠይቃቸው ትከሻቸውን ነቅንቀው ያልፉኛል። በክረምት ስንት ተከላችሁ ብሎ ለሚጠይቃቸው ሁሉ ግን መልሳቸው አንድ ነው፤ «በጋው ይለፍና ተመልሰህ ና» ይሉታል።