የእድር ድንኳን የለበሰችው ጀልባ

አቻምዬ፣ እንዴት አደርሽ? ነይ እስቲ ከሱቁ ጣራ ሥር ተጠለይ። የዘንድሮ ግንቦት ደግሞ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚዘንበው? ትናንት ከሳሪስ ስመለስ ታክሲ አጥቼ ባጃጅ ብይዝ፣ እሱም ውኃ መሐል ቆመብኝ... አልዋሽሽም፣ ያኔ ጀልባ አማረኝ!

ጀልባ ስል ትዝ አለኝ... አንድ የተከበሩ ሰው አሉ። ስም ምን ያደርጋል? እዚሁ አቃቂ ነው፣ የእድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ነው። አርቆ አሳቢ ናቸው፤ እኛ ስለ ሽንኩርት ስንጨነቅ እሳቸው ስለ ሐይቅ ያስባሉ። ዝዋይ ወስጄ እንግዳ አንሸራሽርባታለሁ ብለው አይደል ያቺን ትንሿን ጀልባ፣ የጀማሪ የሚሏትን የገዙት? ሾፌሩ ደርዊሽ በአይሱዙው ጭኖ ሲያመጣት ሰፈሩ እልል ያለው ትዝ አይልሽም? ሞተሩን "በሚቀጥለው ወር" አሉ። በሚቀጥለው ወር ዶላር ጨመረ። ብሩን ሞልተው ሲሄዱ ደግሞ ቀረጡ ጨመረ። ያኔ ጀልባዋ ከነሞተሯ በምትገዛበት ዋጋ ዛሬ ሞተሩ ብቻውን አይገዛም አሉ። ነጋዴው ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? "ጋሼ፣ ለጊዜው መቅዘፊያ ልስጥዎት?"

ሰው ያማቸዋል እንጂ ብልህ ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ በሚለው ሞኝ እንስቅ የለ? የእሳቸው ላም እኮ ግቢያቸው ውስጥ ናት። ወተቷ ብቻ ነው ዝዋይ ያለው። ውኃም እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል... እሳቸውን ግን ሳይነካቸው ወሰዳቸው።

ድምፄን ልቀንስ? ለምን? በረንዳው ላይ ያሉት ጎረቤታችን ስልክ ይዘዋል፣ አይሰሙም። ደግሞስ ስለ እሳቸው መች አወራን? ውይ... ጆሯቸው ላይ እንደለጠፉት ጠራ እንዴ? እያወሩበት የሚጠራ ስልክ! ይኼም ከውጭ የመጣ መሆን አለበት።

እና የልጄ የሶሊያናዬ ሠርግ እሑድ አይደል? የእድሩን ድንኳን ልጠይቅ ግቢያቸው ሄጄ ምን ተባልኩ? "ተቀዷል፣ ሊሰፋ ሄዷል።" እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። ስወጣ ግን... ጀልባዋ ድንኳኑን ለብሳ ተኝታለች፤ ባለፈው እኔው ራሴ በመርፌ የጠቀምኩት ጥጉ ሳይቀር ይታያል። እንዴት ያለ ርኅራኄ ነው! ለውኃ የተሠራች ነገር፣ ዝናብ እንዳይነካት! የኔ ልጅ ቬሎዋ ቢርስ ምን አለበት? ይደርቃል። እንግዳውስ ጭቃ ላይ ቢቆም? እግሩን ይታጠባል። እናቴን የሸኘሁበት ድንኳን ነው አቻምዬ፤ ልጄን ልድርበት ስል ተሰፍቶ አልመጣም ተባልኩ። አንጀቴን አሳርሮኛል፣ ምን እደብቅሻለሁ።

ግን ክፉ አልናገርም። እንመርቃቸው ይሻላል፤ አሜን በይ፣ ጮክ ብለሽ። ሞተሩን ያስገዛቸው። ጤናውን ይስጣቸው። ዕድሜያቸውን ያርዝመው... ከእድርተኛው ሁሉ በላይ ያኑርልን። እኔንም፣ አንቺንም፣ ሁላችንንም አንድ በአንድ በእጃቸው ቀብረው ይቅሩ። ያን ጊዜ ድንኳኑን የሚጠይቃቸው አይኖርም... የሚተክልላቸውም።