ግዝቱ በአሮጌው ብስክሌት ላይ ነው

በእኛ ጊዜ ልጆቼ፣ እዚህ ባሕር ዳር ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ዞሮ የሚያያት አልነበረም፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምንሠራው ሴቶች ሲነጋ በብስክሌት ነበር የምንገባው፣ እና እኔ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ አልተውሁትም። ታዲያ አምና ክረምት ገበያው አጠገብ አዳለጠኝና ወደቅሁ፣ ክንዴ ተሰበረ። መምሬ፣ ባለቤቴ ቄስ ናቸው፣ ታውቋቸው የለ፣ ደንግጠው "ሁለተኛ በዚህ ብስክሌት ላይ እንዳትወጪ ገዝቼሻለሁ" አሉ። የባልም የቄስም ግዝት ነው እንግዲህ። ብስክሌቱን አንበሳሜ ላለ ወንድማቸው ሰጡት። እኔም በእግሬ ሄድሁ። ከፋኝ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ከፋኝ።

ታዲያ ልጄ ብርቱካን፣ ያቺ ለክለብ የምትወዳደረው፣ በቀደም አዲስ የውድድር ብስክሌት ይዛ መጣች። እናንተዬ፣ ቃጭል የለው፣ ጭቃ መከላከያ የለው፣ ማቆሚያ እንኳ የለው፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘ፣ ጎማው ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ። በአንድ እጄ ሳነሳው ብድግ አለ።

"እማዬ፣ ትሞክሪዋለሽ?" አለችኝ።

"ግዝቱስ?"

"አባባ የገዘቱሽ በየትኛው ላይ ነው?"

"በዚህ ብስክሌት ላይ ነው ያሉኝ፣ እሱ ደግሞ አንበሳሜ ነው።"

"እንግዲህ" አለች። እኔም እንግዲህ አልሁ።

ጧት ነው፣ ሐይቁ ዳር ያለው አስፋልት ላይ ሰው አልበዛም። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ታጥቄ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ፣ ብርቱካን ኮርቻውን ዝቅ አድርጋ ደግፋልኝ ወጣሁ። መጀመሪያ መሪው አስቸገረኝ፣ ወደ ቀኝ ሳይ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሳይ ወደ ግራ። ታዲያ አንድ ጊዜ ረገጥሁት እና ሄደ፣ ሄደ ነው የምላችሁ። የድሮውን እኔ ነበርሁ የምገፋው፣ ይህ ግን ይዞኝ ይሄዳል፣ ድምፅ የለው፣ መንገጫገጭ የለው፣ ዘንባባው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሐይቁ ከጎኔ ይሄዳል፣ በታንኳ የሚቀዝፈው ሰውዬም አብሮኝ የሚሄድ መሰለኝ፣ እና ሄድሁ፣ ሄድሁ፣ ጉልበቴን ረሳሁት፣ ክንዴን ረሳሁት፣ ዕድሜዬንም ረሳሁት። በሕልማችሁ በርራችሁ አታውቁም? እንደዚያ ነው።

እንዲህ ስሄድ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደረስሁ። በድሮው ብስክሌት ሁልጊዜ በሩ ላይ ወርጄ፣ አቁሜው፣ ተሳልሜ ነው የማልፈው። ይህን በምን ላቁመው? አንድ እጄን አንስቼ ላማትብ ስል መሪው ተወላገደ፣ "በስመ አብ" ብዬ መልሼ ያዝሁት። ቀና ስል መምሬ ኪዳን አድርሰው በሩ ላይ ቆመዋል፣ መስቀላቸውን እንደያዙ። አለፍኋቸው። ፍሬኑ የት እንዳለ ጠፋኝ፣ ባገኘውም ኖሮ አልይዘውም ነበር።

ምሳ ላይ ሽሮውን አቀረብሁ፣ መምሬ ግን እጃቸውን አልሰደዱም። ሽሮው ቀዘቀዘ። ቢቆዩ ቢቆዩ "ዛሬ አንዲት ሴትዮ ሳትሳለም በበሩ አለፈች" አሉ።

"ማን ናት?" አልሁ፣ እንጀራውን ወደ እሳቸው እያስጠጋሁ።

"ፊቷን አላየሁም፣ ፈጥናለች። ብቻ ትስቅ ነበር።"

"ፊቷን ሳያዩ መሳቋን እንዴት አወቁ?"

እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው "እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ" አሉ። "ያን ጊዜ ስትወድቅ ፈርቼ ነው የገዘትኋት።" ከዚያ መስቀላቸውን አወጡና "ነይ እስቲ፣ በሩን ካለፍሽው ይህን ተሳለሚ" ብለው ግንባሬን አስነክተው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉኝ። እኔም አለቀስሁ፣ ምን ላድርግ።

"ታዲያ እማማ፣ አሁን ይነዳሉ ማለት ነው?" (ከአዳማጮቹ አንዷ ጠየቀች።)

እነዳለሁ እንጂ ልጄ። ነገ ብርቱካን ልምምድ የላትም። (እማማ ሳቁ።)