የአቶ ደባልቄ ከተማ ዜና ሕይወት፣ ስለ ቀይዋ መኪና ከተናዘዙት ጋር

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፤ ይህ ጽሑፍ ታናሽ ወንድሜ አቶ ደባልቄ በሕመም አልጋቸው ላይ ሆነው እየነገሩኝ የጻፍኩት ነውና፣ ከመካከሉ ዝለል የምትሉኝ ብትኖሩም አልዘልም።

አቶ ደባልቄ ከአባታቸው ከአቶ ከተማ ነገሪና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታየች ቀጄላ በመተከል፣ በቡለን በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ፊደል ቆጥረው፣ ወደ ባሕር ዳር ተሻግረው የብረታ ብረት ሙያ ከተማሩ በኋላ፣ አዲስ አበባ በአንድ ጋራዥ ተቀጥረው የእሽቅድምድም መኪና ስትታጠፍ እንዳትወላገድ ሻንሲዋን፣ ማለትም የብረት አጽሟን፣ በድጋፍ ብረት የማጠንከር ጥበብን ተካኑ። በ1987 ዓ.ም. ክልላችን ገና ሲቋቋም ባለሙያ ጠፍቶ ነበርና፣ አሶሳ መጥተው በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ሥራ ጀመሩ። ከመምህርት ሠናይት ዓብይ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሐኒንና ያብስራን ወለዱ።

በ1989 ዓ.ም. ከአንድ የኩርሙክ ነጋዴ ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ገዙ። መኪናዋ ኮረኮንች ላይ ስትታጠፍ አካሏ እየተጠማዘዘ በሮቿ በራሳቸው ይከፈቱ ነበር። አቶ ደባልቄ የፊት ሞላዎቿን አናት በቱቦ አያያዙ፤ ከሆዷም ሥር ብረት አጣመሩላት። ከዚያ ወዲህ መሪዋን የምትሰማ ሆነችና፣ የመሥሪያ ቤቱ ምርጥ ሾፌር አቶ ኑራ እንደ ልጅ እየሳቁ ያዞሯት ነበር።

የፊት እግሮቿን የሚይዘው የታችኛው ብረት ግን ዝጎ ነበር። ከአዲስ አበባ ያዘዙት ብረት ዘገየ፤ መኪናዋ የምትታይበት የክልሉ በዓል ደረሰ። በዚያን ጊዜ የአሶሳ ጋራዥ ሁሉ ብረት ሲያጣ የሚቆርጠው የወደቀ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ማለትም ጭነት የሚሸከመውን ተደራራቢ የሞላ ብረት፣ ነበር። አቶ ደባልቄ ባሌስትራ ሲበየድ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል እያሉ ሠራተኞቻቸውን ሲቆጡ የኖሩ ሰው፣ ለበዓሉ ብለው የዛገውን ቆርጠው ባሌስትራ በየዱበት፤ ቀለምም ቀቡት።

ኅዳር 1990 ዓ.ም. አቶ ኑራ ከባምባሲ ወደ አሶሳ ቀይዋን መኪና ሲነዱ፣ የእኔ ልጅ፣ የሃያ ሁለት ዓመቱ በኃይሉ ለምኖ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። ልጄ እዚያው ሞተ፤ የአቶ ኑራ እግር ተሰበረ።

በከተማው ሌላ ባለሙያ ስላልነበረ፣ የተገለበጠችውን መኪና መርምረው እንዲጽፉ የታዘዙት አቶ ደባልቄ ነበሩ። የተሰነጠቀውን ብየዳ አዩ። ቆርጠው ደበቁት። መኪናዋ ምንም ጉድለት የለባትም፣ ምክንያቱ ፍጥነት ነው ብለው ፈረሙ። አቶ ኑራ ሦስት ዓመት ታሰሩ፤ መንጃ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። እኔም ችሎት ፊት ቆሜ ረገምኳቸው።

አቶ ኑራ ከእስር ወጥተው በባምባሲ ገበያ ማንጎ እየሸጡ ይኖራሉ። እጄ ሳተ ብለው ራሳቸውም አምነው ነበር። ወንድሜ በጉበት ሕመም ከተኙ በኋላ አቶ ኑራ በየሳምንቱ እያነከሱ ሊጠይቋቸው ይመጡ ነበር። የጉበቱ ሕመም ያላስለቀሳቸው አቶ ደባልቄ፣ «በመጡ ቁጥር ይቅርታ ይለምኑኛል፤ እኔም ይቅር ብዬዎታለሁ እላቸዋለሁ» ብለው አለቀሱብኝ።

ይህን ስሰማ ወረቀቱን ጥዬ ወጣሁ፤ ሦስት ቀን አልተመለስኩም። በአራተኛው ቀን ተመልሼ ቀሪውን ጻፍኩ። የደበቁትን ብረትና አሁን የፈረሙበትን የኑዛዜ ቃል ለሚመለከተው አካል አስረክቤያለሁ።

አቶ ደባልቄ ጥር 12 ቀን 1995 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ እንዲሁም እኔን ታላቅ ወንድማቸውን ሙላቱን ትተው አልፈዋል። ወንድሜ ስማቸው ከቤተ ዘመድ ጋር እንዲጠራ ያዘዙላቸው አቶ ኑራ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ቆመዋል፤ ይህን ቃል የሚሰሙት ዛሬ፣ ከእናንተ ጋር እኩል ነው። አቶ ኑራ፣ ልጄን አልገደሉብኝም፤ ለእርግማኔ ይቅርታ እለምንዎታለሁ።

እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍ። እኔ ይቅር ልላቸው ገና አልቻልኩምና፣ እርሱ ይቅር ይበላቸው።