ኢንስፔክተር ካሉንዴ ያልፈረሙበት ፋይል

አዛዣችን እዚህ ስላሉ አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ፤ የምጀምረው ከቁመታቸው ነው።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው እኚህ ሴት፣ ኢንስፔክተር ካሉንዴ፣ ከማቻኮስ ከተማ ተዛውረው እዚህ ጣቢያ የመጡ ዕለት፣ ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ሜትር ጠየቁ። የምልመላ ሰሞን ነበር። የተመልማዮችን ቁመት የምንለካው ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም በተሰመረው መስመር ነው። እሳቸው ሰው አልለኩም፤ መስመሩን ለኩት! ለካ ወለሉ እንደገና ሲሚንቶ ሲለበስ ሦስት ጣት ከፍ ብሏል፣ መስመሩን ግን ከፍ ያደረገው የለም። “ስንት ዓመት ነው አጭሩን ሁሉ ረጅም ስትሉ የኖራችሁት?” ሲሉን ሁላችንም ወለሉን ማየት ጀመርን። አዛዣችን ብቻ “እኔ ስቀጠር ሌላ ግድግዳ ነበር!” ብለው ወጡ። ማንም ሳይጠይቃቸው!

ይሳቁ አዛዥ፣ ይሳቁ። ዛሬ ኢንስፔክተሯ ሜትር አልያዙም።

ከሳቸው ጋር የተመልማዮችን የኋላ ታሪክ ሳጣራ ዓመታት አለፉ። ጠባያቸውን ታውቁታላችሁ። የትምህርት ማስረጃ ቢቀርብላቸው ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደው መዝገቡን በዓይናቸው ያያሉ። ከወንጀል ነጻ ነው የሚል ወረቀት ሲሰጧቸው “ይሄ እኮ ተይዞ እንደማያውቅ ነው የሚነግረኝ” ይላሉ። በተመልማይ ቤት ውኃ አይቀምሱም፤ ቴርሞሳቸውንና የተቀቀለ ስኳር ድንቻቸውን ይዘው ነው የሚዞሩት። ጎረቤትንም “ጥሩ ልጅ ነው?” ብለው አይጠይቁም፤ “የቤትሽን ቁልፍ ትሰጪዋለሽ?” ነው የሚሉት። እኔ ላገባ ስል የሚስቴ አባት ስለኔ ጠየቋቸው። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? “ለሙኮያ ቁልፉን ስጡት፤ ድስቱን ግን ደብቁ።”

እውነታቸውን ነው። ስለ ሆዴ ያወቁትም በቀልድ አይደለም። አሁን የምነግራችሁን ከሳቸው በቀር እዚህ ያለ ሰው አያውቀውም።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ተመልማይ ነበር። ስሙን አልጠራም። ረጅም፣ በሩጫ አንደኛ፣ ጥርሱ ሙሉ፣ ወረቀቱ ንጹሕ። አጎቱ ደግሞ ሁሉም የሚፈራው ሰው። እንዳጣራ የተላክሁት እኔ ነኝ። አጎትየው ቤት ስደርስ ዶሮው ታርዷል፣ ቻፓቲ ቂጣው ተጋግሯል። የመንደሩ ሹም እዚያው ተቀምጦ “ከሱ የተሻለ ልጅ ከየት ይመጣል?” አለኝ። በላሁ። ከዚያ ግቢ ሳልወጣ ቅጹን ሞልቼ ፈረምኩ።

ሁለተኛው ፊርማ የሳቸው ነው። ቅጹን አይተው “ስንት ጎረቤት አነጋገርክ?” አሉኝ።

“ሦስት።”

“ማን ማንን?”

ዓይኔን ወደ ቅጹ መለስኩ።

“ሞተር ብስክሌቱን አስነሳ።”

“አፋንዴ፣ አለቃዬ፣ የተመልማዮቹ ዝርዝር ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል እኮ!”

“እንግዲያው ፍጠን።”

መንደሩ ደረስን። አንዲት ሴት ባቄላ ትለቅማለች። የተመልማዩን ስም ስትሰማ ተነሥታ ገባችና በሩን ዘጋች። አጥር የሚጋራው ሰው “አላውቀውም” አለን። ሦስተኛው ቤት አንድ ሽማግሌ ወጡ። ካሉንዴ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ “ልጄ፣ ጠመንጃ መቼ ነው የምትሰጡት?” አሏቸው።

“ለምን ጠየቁኝ አባባ?”

“ሴት ልጄን ከዚያ በፊት ከአገር ላስወጣት ነው።”

ልጅቱ ከኋላቸው ቆማለች። የተመልማዩ የቀድሞ ሚስት ናት። ግራ ክንዷ አይዘረጋም። “ሽማግሌዎች ጨርሰውታል፤ እንዳልናገር አስምለውኛል” አለች።

ካሉንዴ አላስጨነቋትም። “አትንገሪኝ እህቴ። የታከምሽበትን ብቻ አሳዪኝ” አሏት። ቀኝ እጇን ዘረጋች፤ ክሊኒኩን አመለከተችን። ነርሷ የሕክምና መዝገቡን ስትገልጥ ቀኑም ስብራቱም ተጽፏል። “በባሏ በዶማ እጀታ ተመታች” ይላል። ፖሊስ ዘንድ ያልደረሰ ነገር፣ እዚያ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተቀምጧል።

ስንመለስ የአጎትየው መኪና መንገዱን ዘግታ ቆማለች። አራት ሰዎች ወረዱ። ሞተሩን አቆምኩ። አጎትየው ስልኩን ለካሉንዴ ዘረጋላቸው፤ “ከናይሮቢ ሊያነጋግሩሽ ይፈልጋሉ።”

ተቀበሉና “ስምዎንና ማዕረግዎን ይንገሩኝ፣ ፋይሉ ላይ ልጻፈው” አሉ። ስልኩ ተዘጋ።

ያን ጊዜ አጎትየው ወደ እኔ ዞረ። “አንተስ? ዶሮዬን በልተህ ፈርመህልኛል እኮ!”

ካሉንዴ እኔን አዩኝ። ስለ ዶሮው ያወቁት ያኔ ነው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ቅጹን አውጥተው የሞተር ብስክሌቱ ወንበር ላይ አስቀመጡት። “ሙኮያ፣ ፊርማው ያንተ ነው። እኔ አልሰርዝልህም።”

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ሰረዝኩትና ከሥሩ “አላጣራሁም” ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ሞተሩ ላይ ወጥተው “ንዳ” አሉኝ። በመኪናዋና በቦዩ መካከል አንድ ክንድ የማትሞላ ቦታ ነበረች። በዚያች አለፍን።

ፋይሉ ዝርዝሩ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ደረሰ። ተመልማዩ ሳይቀጠር ቀረ። ካሉንዴ ግን በወሩ ወደ ሰሜን፣ ውኃ በቦቴ ወደሚመጣበት ጣቢያ ተላኩ፤ ሁለት ዓመት። አንድ ቀን እንኳ “ባንተ የተነሣ” አላሉኝም። በሪፖርታቸው ላይ ያሰፈሩት “ባልደረባዬ ስህተቱን በራሱ እጅ አርሟል” የሚል ብቻ ነው። እንጀራዬን ያተረፉልኝ እሳቸው ናቸው።

ሴትየዋም ከአገር አልወጣችም። እንዲያውም ለካሉንዴ አንዲት ቄብ ዶሮ ላከችላቸው። እሳቸው ግን በሚኒባስ ሁለት ሰዓት ተጉዘው፣ ቄቧን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መለሱላት! መንገድ ላይ እንቁላል ጥላ ኖሮ እንቁላሉንም ጨምረው አስረከቡ።

ይሄን ሁሉ ዛሬ ለምን ተናገርኩ? ከነገ ጀምሮ ወንበራቸው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ፊርማ የኔ ሊሆን ነው። የሌላ ሰው የኋላ ታሪክ ላይ ከመፈረሜ በፊት የኔን እንድታውቁት ፈለግሁ። አዛዥ፣ ሰምተው የሚወስኑት ካለ አልቃወምም።

ኢንስፔክተር ካሉንዴ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ላመሰግንዎት ፈልጌ አፍሬ ቀርቻለሁ። አመሰግንዎታለሁ። በሉ፣ ሁላችሁም ተነሡና ብርጭቋችሁን አንሱ። በጡረታዎ የሚንከባከቧቸው የማንጎ ዛፎችዎ ያፍሩልዎት፤ ጉልበትዎ አይክዳዎት፤ በርዎን የሚያንኳኳ ሁሉ በደግ ይምጣ። ለኢንስፔክተር ካሉንዴ!