ጣሪያቸውን ያወረዱት ደግ ሰው

እንዴት አደርሽ እህቴ! ነይ፣ ነይ፣ ጆንያሽን ከእኔ ጎን አስጠጊው፣ ሰው እንዳይረግጠው። በቆሎ ነው? የኔም በቆሎ ነው። ወረፋው ዛሬ ረዝሟል፤ የሞተሩ ቺንጋ ተበጥሶ ሲጠገን አርፍዶ ገና አሁን መነሳቱ ነው። ቢረዝምም ግድ የለም፣ እስቲ እንጫወት። ድምፄን ከፍ ባደርግ እንዳትቀየሚኝ፤ ሞተሩ ነው የሚያስጮኸኝ። ከኋላችን ያሉት ቢሰሙስ? ምን ክፉ ነገር እናወራለን ብለሽ ነው!

እናቴ? ተመስገን፣ ሳሉ ለቀቃት። ታውቂያለሽ አይደል፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር አልጋዋን ተሸክመን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ስንዞር ነበር። ቤቱ በቆርቆሮ ከተከደነ ወዲህ አልጋዋ ቦታ ያዘ። ያ የእርዳታ ገንዘብ በስልኬ የገባ ዕለት መልእክቱን ለአስተማሪው ወስጄ ሳስነብብ፣ «ያንቺ ነው፣ የፈለግሽውን አድርጊበት ይላል» አለኝ። የፈለግሽውን! በሕይወቴ ምን እንደምፈልግ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

ውይ፣ ምን ነካኝ… አንድ ሰው አሉ እንጂ። ስማቸውን አልጠራም፤ የደግ ሰው ስም በወፍጮ ቤት ዱቄት ሲነካው ደስ አይለኝም። አሥራ አንድ ዓመት ልብሳቸውን ሳጥብ፣ በየቀኑ «ምሳ ትፈልጊያለሽ?» ብለው ጠይቀውኛል። ሥራ ስለሚበዛባቸው መልሴን ሳይሰሙ ወደ ውስጥ ይገባሉ እንጂ… መጠየቁንስ ጠይቀዋል።

ደሞዝ? እንዴ! እሳቸው እኮ ሰውን በገንዘብ የሚያዋርዱ አይደሉም። ያረጀ ቀሚስ፣ ከገበታ የተረፈ፣ አንዳንዴ ደግሞ ጥሩ ምክር። «ገንዘብ እጅሽ ከገባ ያበላሽሻል» ይሉኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዳልበላሽ ጠብቀውኛል። ወልዳ ያሳደገች እናት እንኳ ልጇን እንዲህ ትጠብቃለች?

አሁን ግን ፈሩልኝ መሰል፣ «ድሃ ገንዘብ ሲሰጡት ይሰንፋል» እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ ይናገራሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ይኸው ከሳፋቸው ቀረሁ። እስቲ ጣቶቼን እያቸው፣ ከሳሙና ተላቀው ቆዳ አወጡ። ስንፍና የሚጀምረው እንዲህ ነው። እሳቸው ግን ከባልየው ጋር በየተራ ያጥባሉ አሉ፤ ባልየው ነጩንና ቀዩን አንድ ላይ ዘፍዝፎት ሸሚዙ ሁሉ ሮዝ ሆኖ የለም? ያምርባቸዋል፣ ሮዝ። በዚህ ዕድሜ አዲስ ሙያ መልመድ ቀላል እንዳይመስልሽ!

ደግነታቸው በደንብ የታየው ግን በእርዳታው ምዝገባ ሰሞን ነው። «ቆርቆሮ ያለው ቤት አይመዘገብም፣ ሳር ክዳን ብቻ» ተብሎ ሲወራ ታስታውሺያለሽ? እኛ ድሆቹ ሳራችን ሥር ቁጭ ብለን ጠበቅን። እሳቸው ግን አልቻሉም። ሰፈሩ ሳር ለብሶ እሳቸው ቆርቆሮ ለብሰው እንዴት እንቅልፍ ይውሰዳቸው? አምስት ክፍል ቤት፣ በአንድ ቀን፣ ምስማር በምስማር ነቅለው ሳር አለበሱት! ባልየው መሰላል ላይ፣ እሳቸው ታች ጎንበስ ብለው ምስማር ሲለቅሙ… እንዲህ ያለ ትሕትና የት አይተሽ ታውቂያለሽ? ቆርቆሮው ግቢ ውስጥ እንዳይታይም ለቆርቆሮ ነጋዴው በርካሽ ሸኙት። ድሃ ለመሆን እንዲህ የለፋ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ እንኳ ምንም ሳልለፋ ነው የሆንኩት።

ምን ያደርጋል፣ የዘንድሮ ልጆች ሰው አያከብሩም። መዝጋቢው ልጅ መጣና ስልኩን አውጥቶ፣ ከወር በፊት ከላይ የተነሳ የሰፈራችንን ፎቶ አሳያቸው። ጣሪያቸው መሐል ላይ ቦግ ብሏል። እሳቸውም ሳይደነግጡ «እሱ የጎረቤት ነው» አሉት። ጎረቤታቸው እኮ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው! ልጁ ሳይመዘግባቸው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሄደ። በማግስቱ ዝናቡ ወረደ፤ ሶፋው ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ነው አሉ እንግዳ የተቀበሉት። ቆርቆሮ መልሰው እንዳይገዙ ደግሞ እኛ ሰነፎቹ ክፍያችንን ይዘን ነጋዴው በር ላይ ተሰልፈን ዋጋውን ሰቀልነው። ጥፋቱ የኛ ነው፣ ምን ይደረግ።

የኔ እንኳ ያገለገለ ቆርቆሮ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ስለሄድኩ በርካሽ አገኘሁት። የማን እንደነበር እኔ በምን አውቄ…

ኧረ፣ ሞተሩ ጠፋ? … አዎ እህቴ፣ በቆሎው ዘንድሮ ፍሬው ትልልቅ ነው። … በጣም። … ሲፈጭም አያስቸግርም። … እሰይ፣ ተነሳ። ምን ላይ ነበርኩ?

አዎ፣ ትናንት ያ መዝጋቢው ልጅ እኔ ቤት መጣ። አንድ ሰው በነፃው የጥቆማ መስመር ደውሎ፣ «ያቺ ሴት ድሮም ባለቆርቆሮ ናት፣ ደብቃው ነው የተመዘገበችው፣ ሁለተኛው ክፍያ ይቁምባት» ብሏል አለኝ። ሁለተኛው ክፍያ እኮ ጊደሯ ናት! አይቻታለሁ፣ ከሻጩ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ጊደሯ ከቀረች በምን እንኖራለን፣ ቆርቆሮ አይበላ! ተመልሼ ወደዚያው ሳፋ ነው። አልዋሽሽም፣ ልጁ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እሱም አዘነልኝና፣ «በክፍያው የተገዛ ጣሪያ ችግር የለውም፤ እኛ የምናጣራው ከድሮ የነበረ እንደሆን ነው» ብሎ ጥቆማውን አነበበልኝ። ደዋዩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቆርቆሮው አሮጌ ነው፤ ካላመናችሁ አንዷን ከውስጥ በኩል እዩአት፣ በሬንጅ የተደፈነች ቀዳዳ አለች።» ቀና ብዬ ባይ፣ እውነትም ከእናቴ አልጋ በላይ አለች! እኔ ራሴ አላየኋትም ነበር። ከውጭ አትታይም፤ እሷን ለማየት እናቴ አልጋ ላይ በጀርባ መንጋለል ያስፈልጋል። እሳቸው ደግሞ… ደዋዩ ማለቴ ነው… እኔ ቤት አንድ ቀን ረግጠው አያውቁም። ታዲያ ቀዳዳዋን ማን ነገራቸው? አንዳንድ ሰው የቆርቆሮውን ቀዳዳ እንደ ልጁ ጠባሳ ነው የሚያውቀው እንዴ?

አጣሪዎቹ ነገ ይመጣሉ። «ከማን ገዛሽ?» ሲሉኝ ከነጋዴው እላለሁ። ነጋዴውን «አንተስ?» ሲሉት ደግሞ ይናገራል፤ እመሰክራለሁ ብሎኛል፣ አፉ እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ያን ጊዜ የሳሩም ነገር፣ የመሰላሉም ነገር፣ ሰው በተሰበሰበበት… እኔ ደግሞ የደግ ሰው ገመና ሲወጣ አንጀቴ አይችልም። ልጁን «ሌላ መንገድ የለም ወይ?» ብዬ ለመንኩት። «ደዋዩ ዛሬ መልሶ ደውሎ ተሳስቼ ነው ካለ ጥቆማው ይዘጋል፣ ማንም አይመጣም» አለኝ። መስመሩ እኮ ነፃ ነው፣ ስምም አይጠይቅም። ኔትወርክ ከተባለ ደግሞ ከዚህ ከወፍጮ ቤቱ በር የተሻለ የትም የለም።

ምነው ዞርሽ? … እንዴ፣ ከኋላችን የነበሩት ተራቸውን ትተው ወጡ? ስልክም አውጥተዋል? ተያቸው፣ አትመልከቻቸው፣ ሰው የግል ጉዳይ ይኖረዋል። ይልቅ ጆንያቸውን ወደፊት ሳቢላቸው፣ ተራቸው እንዳያልፍባቸው። ቀስ በይ፣ አፉ በደንብ አልታሰረም።

ቂም? የምን ቂም አመጣሽ! አሥራ አንድ ዓመት ግቢያቸው ውስጥ ውዬ ክፉ ልመኝላቸው? እጅሽን ዘርጊ፣ አብረን እንመርቃቸው። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የተመኙትን አይንሳቸው። የሚቀጥለው ምዝገባ ሲመጣ፣ ባልየው መሰላል ሳይወጣ፣ እሳቸውም በዚያ ወገባቸው ምስማር ሳይለቅሙ፣ አንዲት ነገር ሳያፈርሱ፣ አንዲት ነገር ሳይደብቁ፣ መዝጋቢው ገና ከበር ሲያያቸው «እርስዎማ ይገባዎታል» ብሎ ከሁላችንም በፊት ይጻፋቸው። አሜን በይ እንጂ እህቴ!