በገዛ ኖራዬ

እስቲ ከላይ ቀነስ አድርግልኝ… ከላይ የሚቀነስ ነገር ካገኘህ ማለቴ ነው። ባለቤቴ ስወጣ «ምን ልትቆረጥ ነው ፀጉር ቤት የምትሄደው? ለወሬ ነው እንጂ» አለችኝ። አልተሳሳተችም። ከጆሮዬ በላይ ያለው ሜዳ ከሆነ ቆይቷል፣ አንተ ዳር ዳሩን ነው የምታጭደው። ዳር ማበጀት ደግሞ የኔ ሙያ ነበር፤ ዛሬ ተራው ያንተ ነው።

ደህና ከረምክ? ስመጣ አደባባዩ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት። ዛሬም አራት ሰዓት ከሩብ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አራት ሰዓት ከሩብ። ሰው ይስቅበታል፣ እኔ ግን እወደዋለሁ። እዚህ ሰፈር ውስጥ የተናገረውን ያልለወጠ እሱ ብቻ ነው የቀረን።

እዚያኛው ወንበር ላይ ያሉት ሰውዬ ተኙ እንዴ? ፊታቸው በትኩስ ፎጣ ተሸፍኖ ማን እንደሆኑ እንኳ አልለየኋቸውም። ይረፉ፣ ይረፉ፤ ፂማቸው ይለስልስ። ግራ እግራቸውን እንዲህ ዘርግተው መቀመጣቸው… ጉልበታቸውን ያማቸው ይሆን? እኔም የማውቀው አንድ ሰው አለ፣ ልክ እንዲህ ነው እግሩን የሚዘረጋው። ስሙን ተወው። ስም ምን ያደርጋል?

እስቲ አንተ ፍረድ፣ እንደሱ ስፖርት የሚወድ ሰው አይተህ ታውቃለህ? የሰፈራችን ስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ እሱ። የፓርኩን አግዳሚ ወንበሮች አረንጓዴ ያስቀባ እሱ። መሮጫው መንገድ ላይ «በግራ በኩል ይሩጡ» የሚል ሰሌዳ ያሰቀለ እሱ። ራሱ ሲሮጥ ያየው ሰው የለም። ምን በወጣው? የሚሮጥለት መቼ አጥቶ ያውቃል… ዋናው ሯጭ እኔ አይደለሁ?

አንተ በቅዳሜው ጨዋታችን በቀኝ ክንፍ ስለምትሮጥ የኔን በረኝነት ከሩቅ ነው የምታየው፤ ከቅርብ ብታየው ቡድን ትቀይር ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ያገባብኝ ሰው ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ኳሷን ከመምታቱ በፊት ቆሞ መነጽሩን ጠረገ። እኔም ጠርጎ እስኪጨርስ ጠበቅኩት። አስተዳደጌ ነው እንግዲህ።

ግን መስመር ማስመር ላይ አትምጣብኝ። ሁለት ችንካር፣ አንድ ገመድ፣ አንድ ባልዲ ኖራ፣ በቃ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አርብ ከሰዓት በኋላ ውሃ ታንከሩ ስር ያለውን ሜዳ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። «ገመድ» ብላችሁ የጠራችሁኝ ለዚህ አይደል? ሰው የኔን ኖራ ሲያይ «ነገ ጨዋታ አለ» ብሎ ያልፋል። ለምን፣ የት፣ ስንት ሜትር ብሎ የሚጠይቅ የለም። እዚህ ሰፈር ያለኝ ሀብት ይቺው መታመን ነበረች።

ከሁለት ወር በፊት ያ የምልህ ሰው ቤቴ ድረስ መጣ። «ወንድሜ» አለኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ሌላ ጊዜ «አንተ ገመድ» ነው የሚለኝ። ከዚያ በፊት በሕይወቱ አንድ ቀን ብቻ ነው ወንድሜ ያለኝ፣ እሱን እነግርሃለሁ። «ለታዳጊዎች የልምምድ ሜዳ ልንለይ ነው፤ መሃል ሜዳውን አቋርጠህ እስከ ዛፎቹ አንዲት መስመር ጣልልኝ። እንዳንተ ቀጥ አድርጎ የሚያሰምር ማን አለ?» አለኝ። እኔ ደግሞ ሙገሳ ስሰማ ራሴን እስታለሁ። ምሳዬን ትቼ ገመዴን ይዤ ሮጥኩ።

ሁለት ጊዜ ለካሁ። አንድ ቦታ ላይ የጣት ያህል ብትጣመምብኝ አጥፍቼ እንደ አዲስ አሰመርኳት። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ሰላም አለኝ። እንዲያውም ከታክሲ ማቆሚያው ጀርባ ያሉት እናት «ደክሞህ እንዳይሆን» ብለው ውሃ አጠጡኝ።

ሰኞ ብመለስ ምን ባይ ጥሩ ነው? በመስመሬ ላይ ጉድጓድ፣ በጉድጓዱ ብረት፣ በብረቱ ላይ ሽቦ። ከሽቦው ወዲያ ያለው ግማሽ፣ ሰውየው ከዛፎቹ ማዶ ለከፈተው አዲስ ክበብ አባላት መኪና ማቆሚያ ነው ተባለ። የአጥር ሠራተኞቹ አለቃ እጄን ጨብጦ «አባባ፣ እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር ገጥሞን አያውቅም፤ መለኪያችንን ከመኪና እንኳ አላወረድንም» አለኝ። እኔ ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? «ምንም አይደል፣ ልጄ፣ በርቱ» ብዬው ነው የሄድኩት። ነገሩ የገባኝ የቤቴ በር ላይ ደርሼ ቁልፍ ስፈልግ ነው።

ባለቤቴ ስትሰማ ሰውየውን ሌባ አለችው። አፏን አስያዝኳት። ሌባ አይባልም፣ ስፖርት ይወዳል አልኳት። ከመውደዱ ብዛት ሜዳው ደጅ ማደሩ አላስተኛው ቢል አጥር ሠራለት። ይሄ ጥፋት ነው?

ደግሞ ተጎድተናል አይባልም። ግማሽ ሜዳ ላይ ብዙ አያስሮጥም። አንድ ጎል ብቻ ስለቀረች ሁለቱም ቡድን እኔ ላይ ነው የሚያገባው። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ተፈላጊ እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

…ቀስ በል፣ ጆሮዬን። እውነቱን ልንገርህ? ከፍቶኛል። ሜዳው ብቻ አይደለም የከፋኝ።

ሃያ ስምንት ዓመት አልፎታል፣ አንተ ገና ሰፈሩ ውስጥ አልገባህም ነበር። በዚያው ሜዳ ላይ፣ ዛሬ መኪና በሚቆምበት በኩል፣ የግራ ጉልበቱ ተሰበረ። አምቡላንስ ብንጠብቅ ብንጠብቅ የለም። በጀርባዬ አዘልኩት። ከሜዳው እስከ አውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ፣ ከፌርማታው እስከ ክሊኒኩ ደረጃ። ያኔም ቢሆን ቀላል ሰው አልነበረም። መንገዱን ሙሉ ጆሮዬ ስር «አትጣለኝ፣ ወንድሜ፣ አትጣለኝ» ይለኝ ነበር። የመጀመሪያው «ወንድሜ» ያ ነው። አልጣልኩትም። ወገቤ እስከ ዛሬ ምስክር ነው።

ትናንት ደግሞ ሦስተኛው «ወንድሜ» በስልክ መጣ። «ቅዳሜ ማለዳ ገመድህን ይዘህ ብቅ በል፣ ከቀረችው ግማሽ ላይ አንዲት ትንሽ መስመር አለች» አለኝ። ለምን ስለው «ለአረጋውያን መናፈሻ ነው» አለኝ። እኛን አስቦ እኮ ነው!

ስልኩን ዘግቼ ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ያን የሚያህል ክበብ መሐንዲስ አጥቶ ነው እኔን የሚያስጠራው? መሐንዲስ ከነመሣሪያው ቢቆም ሰፈሩ ነቅሎ ወጥቶ «ምን ልታደርጉ ነው?» ይላል። እኔ ባልዲዬን ይዤ ብቆም ግን ሰው ሰላም ብሎኝ ያልፋል፣ ውሃ ያጠጣኛል። ለካ የተፈለገው ኖራዬ አይደለም፣ ሰላምታችሁ ነው። ይሄ እስኪገባኝ ሁለት ወር ፈጀብኝ። በረኛ ነኝ እንግዲህ፣ ኳሷ መረቡን ከነካች በኋላ ነው የምዘለው።

አግዳሚው ላይ ተራ የምትጠብቁት፣ ወሬዬ ሰለቻችሁ? ይቅርታ አድርጉልኝ። አንዲት ነገር ብቻ ላስቸግራችሁ። ቅዳሜ ሜዳው ላይ ትኩስ ኖራ ካያችሁ የኔ አይደለም። ሰላም ብላችሁ አትለፉ፣ ቆማችሁ ጠይቁ።

ገመዷ ይቻት፣ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ጫፏ ትንሽ ተበልቷል፣ ግን ገና ብዙ ትሠራለች። መስታወትህ ስር ስቀላት። ያ የምልህ ሰው ለመላጨት ሲመጣ ያያታል፤ ካማረችው ወስዶ ራሱ ያስምርባት። ማጎንበሱ ለጉልበቱ ጥሩ ነው ይባላል።

ጨረስክ? እጅህ ይባረክ። ያለችኝን ሦስት ፀጉር አከበርክልኝ። እኚህ ሰውዬ ግን ምን ሆኑ፣ የዘረጉትን እግር ሰበሰቡት። ፎጣው ቀዝቅዞባቸው ይሆናል፣ አንሳላቸው። ወይም ቆይ፣ እኔ ልውጣና አንሳላቸው፤ ዓይናቸውን ሲገልጡ የማያውቁት ሰው አይተው እንዳይደነግጡ።

ለዚያኛውም ክፉ አልመኝም፣ የስንት ዘመን ጓደኛዬ ነው። ዕድሜ ይስጠው። ክበቡ በረንዳ ላይ ሆኖ መኪናዎቹን እየቆጠረ በደስታ ይኑር። ጉልበቱን ይጠብቅለት። አይድረስበት እንጂ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቢወድቅ እንኳ የሚያዝለው ሰው አያሳጣው… የሚያዝለውም ሰው ልቡ ልክ የሱን ልብ የመሰለ ይሁንለት።