እሳት የማይጫርበት መብራት

በቀየት ገጠር ዳርቻ አጨዳው አልቆ የገብሱ ክምር በየደጁ ቆሟል፤ የማታው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። እማማ አመተሥላሴ በገል ላይ ኩበት አድርገው እሳት ሊጭሩ ወደ ጎረቤታቸው ወደ እፀገነት ቤት ሲያዘግሙ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ የመጣው ምንተስኖት መንገድ ላይ ደረሰባቸው። ምንተስኖት የእፀገነት የበኩር ልጅ ነው፤ በከተማው መምህር ሆኖ ይኖራል።

«እንደምን ዋሉ እማማ? ክብሪት አለቀብዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አላለቀም ልጄ።»

«ታዲያ በዚህ ብርድ?»

«የክብሪት እሳት አይሞቅማ!»

ምንተስኖት ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ከቦርሳው በፀሐይ የሚሞላ ትንሽ መብራት አወጣ።

«ይኸን ለእርስዎ ነው ያመጣሁት። ኩራዙን ይተዉት። ባለፈው ወድቆ የሚደርቡትን የሱፍ ባና ጠርዝ በልቶት የለ? ጭሱም ዐይንዎን እያስለቀሰው ነው።»

«ዐይኔን የሚያስለቅሰው ጭስ ብቻ መሰለህ?» አሉ። «አያቴ በችቦ አመሹ። እናቴ ክር በሰም እየነከረች ጧፍ ትሠራ ነበር። ኩራዙን ባለቤቴ ከጣሳ ሠራልኝ፤ ክሩን እኔ ፈተልሁ። ፋኖስም ገዝተን ነበር፤ መስታወቱ ተሰበረ። ሁሉም ግን እሳት ይሻል፤ እሳት ደግሞ ከጎረቤት ይጫራል። ይኸ ያንተ መብራት ማንን ይጠይቃል?»

«ማንንም አይጠይቅም። ጥሩነቱስ እሱ አይደል?»

«ክፋቱም እሱ ነው! ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ መብራት አብርቼ ‹እንደምን አመሻችሁ› ስል የሚመልስልኝ የለም። እሳት ልጫር ብዬ ስገባ ግን እናትህ ‹ይቀመጡ› ትለኛለች። ያለ ጉዳይ በየማታው ሰው ቤት መግባት ያሳፍራል።»

ለወጣቱ ትምህርቱ ስለ ጭስ ብዙ ነግሮታል፤ ስለዚህ ግን አንዳች አልነገረውም።

ቤት ገብተው እፀገነት ፍሙን ጫረችላቸው። እሱም ሊሸኛቸው አብሯቸው ወጣ። ከደጁ ሳይርቁ ነፋሱ ከገሉ ላይ ፍንጣሪ አንሥቶ የእፀገነት ገብስ ክምር ሥር ጣለው። ገለባው ጨሰ። ምንተስኖት ሮጦ በጫማው ረጋግጦ አጠፋው። እማማ ገሉን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«የልጆቿን ጉሮሮ ላቃጥል ነበር! ለጨዋታ ብዬ!»

«አልተቃጠለም እኮ፤ እማማ። ይልቅ መብራቱን ይውሰዱ። ግን አንድ ጣጣ አለው። የሚሞላው እኛ ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ነው፤ ጧት ማምጣት፣ ማታ መጥቶ መውሰድ ግድ ነው።»

እማማ ቀና ብለው አዩት። «ፀሐይ እኔም ደጅ ትወጣለች።»

«ትወጣለች። እዚያ ግን በግ ይረግጠዋል።»

«ሰበበኛ!» አሉና መብራቱን ተቀበሉት።

ከዚያ ወዲህ ዐይናቸው ከጭስ፣ ባናቸው ከቃጠሎ፣ የጎረቤት ክምርም ከፍንጣሪ ድኗል። አዲስ ነገር ለሰው ስናቀርብ፣ አሮጌው ነገር ምን ይሠራለት እንደ ነበር አስቀድመን ብንጠይቅ መልካም ነው። ኩራዝ ቤት ብቻ አልነበረም የሚያበራው።

አሁን እማማ በየማታው እፀገነት ቤት ይገባሉ፤ ይቀመጣሉ። ሲጨልም መብራታቸውን እዚያው ያበሩና፦

«እንደምን አመሻችሁ?» ይላሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» ይላል ቤቱ በሙሉ።

ከዚያም ምላሹ ከጆሯቸው ሳይጠፋ ብርሃናቸውን ይዘው፣ ማንም ወደማይጠብቃቸው ቤታቸው ቀስ ብለው ይሄዳሉ።